የጋፋቱ አሠሪ

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ለአንድ የውርስ ጉዳይ ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ ምሳ ለመብላት ወረታ ላይ ወረድኩ። ወረታን ያላየ አንባቢ ካለ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የምትገኝ የመገንጠያ ከተማ ናት። ቀጥ ካሉ አዲስ ዘመንና ጎንደር፣ ወደ ቀኝ ከታጠፉ ደብረ ታቦርና ወልድያ። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ ከጉና ያመጡትን ደለል እያለበሱት ጣና የሚገቡበት፣ ክረምት ሲሆን ውሃ የሚተኛበት ለጥ ያለ ምድር። በፊት ስሙ የሚነሳው በከብቱ ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን ሩዝ ገብቶ ሜዳውን ወረሰው፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከሉም እዚያው ወረታ ነው ያለው። ኅዳር የሩዝ አጨዳ ወቅት ስለሆነ ከተማዋ በጆንያና በጋሪ ተጨናንቃ ነበር።

ከምግብ ቤቱ ጎን አንድ የሩዝ መፈልፈያ አለ። ባለቤቱና መካኒኩ ደጃፉ ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። መካኒኩ ወጣት ልጅ ነው። ገለባውን የሚልጠው ጎማ እንዳለቀ፣ በዚህ ከቀጠለ ሩዙ እየተሰባበረ እንደሚወጣ፣ ስለዚህ ማሽኑ ቆሞ ጎማው መቀየር እንዳለበት ያስረዳል። ባለቤቱ ደግሞ ወረፋ የያዘውን ጆንያ በእጁ እያሳየ ዛሬ ማቆም የማይታሰብ መሆኑን ይናገራል። የተሰባበረ ሩዝም ገዥ አያጣም ባይ ነው። በመጨረሻ ልጁን የአንተ ሥራ መጠገን ነው፣ ማሽኑ ይቁም አይቁም የምወስነው እኔ ነኝ የሚል ነገር ተናገረው። ልጁ መልስ አልሰጠም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ መፍቻዎቹን ከረጢት ውስጥ ከትቶ ሄደ።

ይህን ጭቅጭቅ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በሩዝ ሳይሆን በሶፍትዌር። አዲስ አበባ ውስጥ በቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚሠሩ ወጣት መሐንዲሶች የሥራ ውላቸውን ይዘው ምክር ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ታሪካቸው ይመሳሰላል። ያላለቀ ሥራ አልቋል ተብሎ ተሸጧል፤ የማስረከቢያው ቀን የተቆረጠው ሠሪው ሳይጠየቅ ነው፤ አይሆንም ያለ ሰው ደግሞ የሥራ ፍላጎት የሌለው ተደርጎ ተቆጥሯል። እኔ የምሰጣቸው መልስ አጭር ነው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ 410/1996 ማለቴ ነው፣ ሠራተኛ በሥራ ውሉ መሠረት የሠራው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ነው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ደግሞ ሠራተኛው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል ይላል። ሥራው የአሠሪው ነው፣ ሰውየው ግን የራሱ ነው ማለት ነው። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ክፍል ተበሳጭተው፣ ለሁለተኛው ብዙም ቦታ ሳይሰጡ ይሄዳሉ።

ያን ቀን ከወረታ ወደ ቀኝ ታጥፈን ዳገቱን ስንያያዝ ወደ አእምሮዬ የመጡት በዚህ አገር፣ በዚሁ መንገድ ጫፍ ላይ፣ ሁለቱንም በእጃቸው ለማድረግ የሞከሩት አሠሪ ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ።

ስለ ቴዎድሮስ ብዙ ተጽፏል፤ አንድነታቸው፣ ጀግንነታቸው፣ ጭካኔያቸው፣ የመቅደላው ሽጉጥ። እኔ የማነሳው የወርክሾፕ ባለቤትነታቸውን ነው። በእኔ ግምት ሰውየውን ከዚህ ይልቅ የሚገልጥ ነገር የለም።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ከትልቅ ቤት ቢሆንም ቀደም ብሎ በመሞቱ ልጁ ርስት ሳይሆን ቂም ነው የወረሰው። ጠላቶቹ እናቱን ኮሶ ሻጭ እያሉ ሲሰድቧት ኖረዋል። ገዳም ገብቶ ተማረ፣ ሸፈተ፣ በሽፍትነቱም ተከታይ አፈራ። እቴጌ መነን የልጅ ልጃቸውን ተዋበችን ድረውለት ለማለዘብ ሞከሩ፤ ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው አልሆነም።

ለኛ ነገር ወሳኙ ዓመት 1840 ነው። ካሳ በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። የሱ ሰዎች በቁጥርም በድፍረትም የሚናቁ አልነበሩም። የግብፆቹ ጦር ግን በአጥር ውስጥ ሆኖ መድፍ ይተኩስ ነበር፤ የካሳ ፈረሰኛ አጥሩ ሥር ሳይደርስ ረገፈ። ሌላ የጦር አለቃ ቢሆን ሽንፈቱን በጠላት ብዛት ወይም በፈጣሪ ቁጣ ያሳብበው ነበር። ካሳ ግን ያሸነፈው ሰው ሳይሆን የተሠራ ዕቃ መሆኑን አየ። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ምድር የሚገጥመውን ሁሉ ማሸነፍ ቻለ። በ1845 ደጃች ጎሹን ጉር አምባ ላይ፣ ራስ አሊን አይሻል ላይ፣ በ1847 ደግሞ ደጃች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረገ፤ እዚያው ደረስጌ ማርያም በየካቲት ዘውድ ጫነ። ደባርቂን ግን አልረሳም።

ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ባደረጉ ጊዜ የፎገራ ሜዳ የቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ሆነ። ከጎንደር የሚመጣ ጦርም፣ ነጋዴም፣ መልእክተኛም ርብን ተሻግሮ ሜዳውን አቋርጦ ነው ዳገቱን የሚወጣው። ከደብረ ታቦር ትንሽ ራቅ ብሎ ጋፋት የሚባል ቀበሌ አለ። በዘመኑ አነጋገር የአገሪቱ የመጀመሪያ የቴክኖሎጂ መንደር የነበረው እሱ ነው።

ወደ ጋፋት የመጡት ባለሙያዎች እንዴት እንደመጡ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጠቡ የተጀመረው ከዚያ ነውና። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ኢትዮጵያን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነበር። ወንጌል የሚሰብኩ፣ ግን በእጃቸው ሠርተው የሚበሉ ሰዎችን ለመላክ አሰበ። በባዝል አቅራቢያ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የወጡ ወጣቶች ከ1848 ጀምሮ መግባት ያዙ፦ ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን፤ ኋላም ቫልድማየርና ዛልሙለር። ሐሳባቸው መጽሐፍ ቅዱስ ማደልና ማስተማር ነበር፤ የእጅ ሙያው መግቢያ ትኬታቸው ነው። ቴዎድሮስ በበኩላቸው ስብከቱን እንደ ትርፍ ነገር ነው ያዩት። ከነሱ የፈለጉት እጃቸውን ነበር። ሁለቱ ወገኖች አንድ ውል ላይ የተስማሙ መስሏቸው ሁለት የተለያየ ውል ፈረሙ ብል ማጋነን አይሆንም። እኛ ጠበቆች እንጀራ የምንበላው ከእንዲህ ዓይነቱ ውል ነው።

መጀመሪያ ነገሩ መልካም ነበር። ባለሙያዎቹ መንገድ አወጡ፣ ጠመንጃ ጠገኑ፣ ጋሪ ሠሩ። መንገዱን ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ይሠሩት እንደነበር በቦታው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ክፍያው ጥሩ ነው፤ ምግብ፣ በቅሎ፣ የሐር ልብስ ሳይቀር ይሰጣቸዋል። ቫልድማየርና ዛልሙለር የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ሴቶች ልጆች አገቡ። የኢትዮጵያ ወጣቶች ከሥራቸው ሆነው ፊደልና የእጅ ሙያ እንዲማሩ ተደረገ። ለእኔ ከጋፋት ሥራ ሁሉ የበለጠው ይህ ነው፤ ይሁንና ታሪክ ጸሐፊዎቻችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚያልፉት።

ከዚያ የመድፉ ትእዛዝ መጣ።

ባለሙያዎቹ እውነቱን ተናገሩ። አናጢ፣ አንጥረኛ፣ ግንበኛ እንጂ መድፍ ቀልጦ ሲፈስ አይተው የሚያውቁ አልነበሩም። ቴዎድሮስ ይህን መልስ እንደ ሙያ አስተያየት አልተቀበሉትም፤ እንደ እምቢታ ቆጠሩት። የባለሙያዎቹ አገልጋዮች ታሰሩ፣ ሥራው እስኪጀመርም እንዳይፈቱ ታዘዘ። ይህችን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ቆም እላለሁ። ሠሪው አልችልም ሲል የሚሰማው አሠሪ ሁለት ነገር ማሰብ ይችላል፤ ወይ ሥራው ከባድ ነው፣ ወይ ሰውየው አይፈልግም። ቴዎድሮስ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ነበር የሚመርጡት። ክፋቱ፣ በዚያች የመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ ሠራላቸው።

እውነት ነው፣ ብዙ ሙከራ ከሽፏል። ምድጃው ሙቀቱን አልችል እያለ፣ ብረቱ ሳይቀልጥ እየቀረ ተቸገሩ። ሩሲያ ጦር ውስጥ የነበረው ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ከሥራው ዋና ዋናዎቹ ነበሩ። እሳት የሚችል ሸክላ ፍለጋ ስንት ዓይነት አፈር እንደተሞከረ መገመት ነው። በመጨረሻ ግን ተሳካ። መድፉ ወጣ፣ ተተኮሰ። ንጉሡ በደስታ ሰከሩ፤ ሽልማት ጎረፈ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትእዛዝ ሁሉ ካለፈው የበለጠ ትልቅ ሆነ። ያልታሰረ ሰው አይሠራም የሚለው ትምህርትም በአሠሪው ልብ ውስጥ ተተከለ።

ሰውየው ግን ሰነፍ ባለሀብት አልነበሩም። በ1858 የክረምት መግቢያ ያደረጉትን ልንገራችሁ። በጣና ዳር፣ ከወረታ በስተደቡብ ምዕራብ ባለችው ቆራጣና በዘጌ በኩል ሰፍረው ሳለ፣ ወሬውን የሰሙትን የእንፋሎት መርከብ በራሳቸው ዘዴ ለመሥራት ተነሱ። ታንኳ ከሚሠራበት ከዚያው ከደንገል ትላልቅ ጀልባዎች አሠሩ፤ በጎንና ጎናቸው መንኮራኩር አስገጠሙ፤ መንኮራኩሩን የሚያዞረው በእንፋሎት ፈንታ የሰው እጅ ነው። ሐኪሙ ብላንክና ሌሎቹ የእንግሊዝ ልዑካን ሲንሳፈፍ አይተውታል። የሳቀ ይኖራል። እኔ ግን አልስቅም። ባለው ዕቃ የሌላውን ሐሳብ መሞከር የመሐንዲስ ጠባይ ነው። ቴዎድሮስ በባሕርያቸው መሐንዲስ ነበሩ ለማለት እደፍራለሁ፤ ችግሩ የተወለዱበት ዘመንና የያዙት ሥልጣን ሁልጊዜ አሠሪ አደረጋቸው። የራሱን ሥራ ሲሠራ ታጋሽ የሆነ ሰው ሌላውን ሲያሠራ ትዕግሥት ማጣቱ በእኛ ዘመን የኩባንያ መሥራቾችም ዘንድ ያለ ነው።

የውጭው ታሪክ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። በጥቅምት 1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ለንደን ላይ መልስ ሳያገኝ ቀረ። በ1856 ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ ሌሎች አውሮፓውያንም እንደዚሁ። በጥር 1858 ራሳም ደብዳቤ ይዞ መጣ፣ ተከብሮ ተቀበሉት፣ ብዙም ሳይቆይ እሱም ታሰረ። የጋፋት ባለሙያዎች ለጊዜው ከሰንሰለቱ ውጪ ነበሩ። ቆራጣ ላይ ኮሌራ ገብቶ ሠራዊቱን ሲፈጀው ሰፈሩ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ተነሳ።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። በሚያዝያ 1858 ቴዎድሮስ ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት። የላኩት ተጨማሪ ባለሙያና ማሽን እንዲያመጣ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን እዚሁ ቀሩ። እንግሊዞች ጥያቄውን አልናቁትም። የእጅ ባለሙያዎች ቀጠሩ፣ ማሽን ገዙ፣ እስከ ምጽዋም አደረሱት። ቅድመ ሁኔታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እስረኞቹ ይፈቱ። ቴዎድሮስ ደግሞ ባለሙያዎቹ ቀድመው ካልገቡ እስረኞቹን አልፈታም አሉ። የሰው ዋስትና ካልያዙ ምንም እንደማያገኙ ከጋፋት ተምረዋል። ማሽኑ ምጽዋ ላይ ወራት ከከረመ በኋላ በ1859 ተመልሶ ተጫነ፤ ባለሙያዎቹም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙት የኖሩት ነገር ከደጃቸው ደርሶ የተመለሰው፣ ደብዳቤ ባለመመለሱ ከጠፋው ነገር ሁሉ ይበልጥ ያሳዝነኛል።

በዚያው ዓመት አገሩ ከእጃቸው ወጣ። ጎንደርን ዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ፤ የበጌምድር ገበሬ ሸሸ ወይም ሸፈተ። ግዛታቸው ደብረ ታቦርና አካባቢው ብቻ ሆኖ ቀረ። የጋፋት ሰዎችም ነፃነት አበቃ፤ ከመንደራቸው ተነስተው በጥበቃ ሥር ዋሉ። ሴባስቶፖል የተሠራው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው፤ የሚዋጉበት አገር ሲጠብ መድፉ ሰፋ። ስሙ የተወሰደው ከክራይሚያ ጦርነት ነው። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ይገመታል። ቀላጮቹ ይህን ያህል ብረት በአንድ ጊዜ ማፍሰስ እንደሚያስቸግር ያውቁ ነበር፤ የሚያውቁትን መናገር ግን ካቆሙ ቆይተዋል። የሠሩት በጥሩ ሁኔታ ነው። እንደ ብረት ሥራ ካየነው ሴባስቶፖል የሚደነቅ ነው። ለምን ጉዳይ እንደሚውል፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚተኩሰው የጠየቀ ሰው ስላልነበረ እንጂ።

በመስከረም 1860 መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሱ። መድፉ በጋሪ ተጭኖ በሰው ኃይል ይጎተታል። መንገዱ ቀድሞ መውጣት አለበት፤ ስለዚህ ወንዱም ሴቱም ድንጋይ ይፈነቅላል፣ ገደል ይቆርጣል፣ ንጉሡም ከፊት ሆነው ይቆፍራሉ። ጂዳን ወረዱ፣ ወጡ፤ በሽሎን ወረዱ፣ ወጡ። ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። በዚያው ጊዜ ናፒየር ከዙላ ተነስቶ ዝሆን ላይ መድፍ ጭኖ፣ ወደቡ አጠገብ አጭር ባቡር ሐዲድ ዘርግቶ ወደዚያው ይገሰግስ ነበር። የናፒየርን ጦር ያመላለሰው የደሞዝ ሰው ነው፤ የቴዎድሮስን መድፍ የጎተተው ሌላ መሄጃ ያጣ ሰው።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ የስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ላይ ጦርነቱ ሆነ። ከተተኮሱት ትላልቅ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ሴባስቶፖል ለውጊያው ያመጣው ለውጥ አልነበረም። እንግሊዞቹ ከኋላው የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ይዘው ነበር፤ ከደባርቂ 20 ዓመት በኋላ የካሳ ፈረሰኛ አሁንም የተሠራ ዕቃ ፊት ረገፈ። ንጉሡ እስረኞቹንና ባለሙያዎቹን ከነቤተሰቦቻቸው ለቀቁ። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6፣ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ቫልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሞሪትስ ሆል ያፋ ላይ ኖረ። ቴዎድሮስ በሞቱበት ቀን መቅደላ ላይ የተወለደችው ሴት ልጁ የታዋቂው ተዋናይ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት ናት። እውቀቱ ከሰዎቹ ጋር ሄደ። አሠሪው 12 ዓመት ያህል በእጃቸው ይዘውት የጋፋት ወጣቶች ብቻቸውን ምድጃ የሚያነዱበት ደረጃ ሳይደርሱ ቀሩ፤ ምክንያቱም ትእዛዙ ሁልጊዜ ቀጣዩ መድፍ እንጂ ቀጣዩ ሠሪ አልነበረም።

የኋላው ዘመን ጠቡን በሌላ መልክ አመጣው። በ1871 ወደ ሸዋ የመጣው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1886 የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ከአፄ ምኒልክ አገኘ። እሱን ያስቸገረው ሰንሰለት ሳይሆን አክሲዮን ነው። የፓሪስና የለንደን ባለገንዘቦች፣ ከኋላቸውም መንግሥታቱ፣ ኩባንያው የማን ነው በሚል ሲጓተቱ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደርሶ ለዓመታት ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ምኒልክ በኩባንያው ነገር ክፉኛ ተቆጥተዋል። ኢልግን ግን አላሰሩትም። ሥራውን ትቶ አገሩ ገባ፣ እዚያው በ1908 ሞተ። ከቴዎድሮስ እስከ ምኒልክ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ተሻሽሏል ልል እችላለሁ፣ ሕጉ ባይጻፍም።

የውርሱን ጉዳይ በሦስተኛው ቀን ጨርሼ ስመለስ ወረታ ላይ ሻይ ጠጣሁ። መፈልፈያው ቆሟል፣ ጋሪዎቹ በወረፋ ተደርድረዋል። ያው ልጅ በጀርባው ተኝቶ ማሽኑ ሥር ገብቷል፤ ባለቤቱ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ አዲሱን ጎማ ይዞለታል። ባለቤቱ ሌላ መካኒክ አምጥቶ እንዳልሆነለት፣ ልጁም ዋጋ ጨምሮ እንደተመለሰ ሻይ የቀዳችልኝ ሴት ነገረችኝ። ስንት እንደጨመረ ብጠይቃት ሳቀች እንጂ አልነገረችኝም።